ናፍጣ ወጥቶ ኤሌክትሪክ ሲገባ፤ ያልተነገረው የዴፖው ሂሳብ

አንድ የከተማ አስተዳደር ያረጁ አውቶቡሶቹንና የቆሻሻ መኪኖቹን ለመተካት ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «አንዱ ስንት ይገዛል?» የሚል ነው። በናፍጣ ዘመን ይህ ጥያቄ ብዙም አያሳስትም ነበር። ማደያው አለ፤ መካኒኩ አለ፤ መለዋወጫውም ቢጠፋ ቢጠፋ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል። በኤሌክትሪክ በሚሠራ አውቶቡስ ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው የመሸጫ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ከፊሉን ብቻ ነው የሚናገረው። ቀሪው የሚገኘው በዴፖው፣ በባትሪው ውልና እስከ ዴፖው በሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ያስታወቁት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ አድርጓል። ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይኖር፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ አልቆላቸው ለሚገቡት 15 በመቶ እንዲሆን ያኔ ተወስኖ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ 100 ብርን ተሻገረ። ናፍጣ የሚገዛው በዶላር ነው። ኤሌክትሪክ የሚገኘው በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የዓባይ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ አውቶቡስን ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር፣ ስለ ጭስ የሚባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ በፊት የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው።

ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አስቸጋሪ ቀመር አያስፈልግም። 12 ሜትር ርዝመት ያለው የከተማ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠጣል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱን ስናነጻጽር 1 ሊትር ናፍጣ የሚሠራውን ሥራ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሠራዋል ማለት ነው። አንባቢ በየጊዜው የሚወጣውን የናፍጣ ዋጋ ለ3 አካፍሎ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጋር ቢያስተያይ ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል። ናፍጣው 100 ብር፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱ 10 ብር ቢሆን እንኳ 100 ብር ይከፈልበት የነበረው መንገድ በ30 ብር ይኬዳል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ አንድ አውቶቡስ 24,000 ሊትር ናፍጣ ያስቀራል። መቶ አውቶቡስ ከሆነ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ሊትር ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አቀማመጥ ለኤሌክትሪኩ ያደላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የናፍጣ ሞተር በስስ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጭሱም ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይመለከተውም። የባትሪ ጠላት የሆነው ብርቱ ቅዝቃዜም ሆነ ብርቱ ሙቀት የለም። በሌሎች አገሮች ከባትሪው ብዙ የሚወስደው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እዚህ እምብዛም አያስፈልግም። በዚያ ላይ አውቶቡሱ ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ፌርማታ ላይ ሲቆም ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ለባትሪው ኃይል ይመልሳል፤ ፍሬንም ቶሎ አያልቅም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ የለውም። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቃሊቲ ለሚወርድ መስመር የመሙያ ጣቢያው ከላይ ሳይሆን ከታች ቢሆን ይመረጣል። በናፍጣ ጊዜ ዴፖው ሽቅብ ሆነ ቁልቁል ለሂሳቡ ብዙ ለውጥ አልነበረውም።

ወደ ዴፖው እንምጣ። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ አንድ አውቶቡስ በቀን 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ መቶው 24,000። በመሙላት ላይ የሚባክነውን 10 በመቶ ስንጨምር 26,400 ይሆናል። አውቶቡሶቹ ገብተው የሚያድሩት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው ብንል ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ዴፖው ሌሊቱን ሙሉ 4.4 ሜጋ ዋት ያለማቋረጥ መሳብ አለበት። ሾፌሮቹ እንደገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ በ120 ኪሎ ዋት መሙያ ላይ ቢሰኩት ደግሞ ጥያቄው 12 ሜጋ ዋት ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትራንስፎርመር፣ የኬብልና የመስመር ዋጋ ነው። ይህን የሚያስቀረው ተራ በተራ እንዲሞላ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሲሆን ዋጋው ከተጨማሪ ትራንስፎርመር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ናፍጣ በበርሜል ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን እንደዚያ አይከማችም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጠፍቶ 9 ሰዓት ላይ ቢመጣ ከመሙያው ጊዜ ግማሹ ሄዷል። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሶቹ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ በአንድ እየተመለሱ ይቆማሉ። ስለዚህ ዴፖው ከሁለት የተለያዩ ማከፋፈያ ጣቢያዎች መስመር እንዲገባለት ማድረግ ቅንጦት አይደለም። የመስመሩም ሥራ ከአውቶቡሶቹ ግዢ ቀድሞ መጀመር አለበት፤ አውቶቡስ በወራት ውስጥ ወደብ ይደርሳል፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ግን በወራት አይሠራም።

ከአውቶቡሱ ክፍሎች ውዱ ባትሪው ነው። ባትሪ እንደ ሞተር በአንድ ቀን አይሰበርም፤ ቀስ በቀስ አቅሙ ይቀንሳል። አዲስ ሳለ 300 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለውን አውቶቡስ እንውሰድ። ባዶ እስኪሆን ስለማይነዳ 15 በመቶ መጠባበቂያ ቢተውለት 212 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለቀኑ ሥራ ይበቃል። ከዓመታት በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ግን የሚሄደው 170 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። አውቶቡሱ አልተበላሸም፤ ግን የማታውን ዙር አይሠራም። ያንን ዙር ለመሸፈን ወይ ቀን ላይ መሙላት፣ ወይ ተጨማሪ አውቶቡስ መግዛት፣ ወይ ባትሪውን መለወጥ የግድ ነው። አቅራቢዎች ስለዚህ ሲጠየቁ ብሮሹር ያወጣሉ። ብሮሹሩ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር የተለካው ግን በሜዳ መንገድና ጭነት በቀለለበት አውቶቡስ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ አውቶቡስ ደግሞ ጠዋት ላይ ቀልሎት ታይቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው የሌሎች ከተሞች ውል ከአውቶቡሶቻቸው በላይ ሊጠና የሚገባው። የቻይናዋ ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 16,359 አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ አድርጋለች። ይህን ያደረገችው ከፍተኛ የመንግሥት ድጎማ አግኝታ፣ ትልቁ የአውቶቡስ ድርጅቷም ተሽከርካሪዎቹን ከፋይናንስ ኩባንያዎች በሊዝ ወስዶ፣ የባትሪውንና የሞተሩን ኃላፊነት በዋስትና ውል ፋብሪካው ላይ ጥሎ ነው። የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን 100 የቢዋይዲ አውቶቡሶች ስታስገባ መላው ሌላ ነበር። ገዢው ኤኔል የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሆኖ የመሙያ ጣቢያውንም እሱ ሠራ፤ ሜትቡስ የተባለው አሽከርካሪ ድርጅት የሚከፍለው የሊዝ ክፍያ ነው። መብራቱን የሚሸጠው ራሱ የአውቶቡሱ ባለቤት ስለሆነ መስመሩ ሳይደርስ አውቶቡስ ቢያመጣ የሚከስረው እሱው ነው። ወደ ሰፈራችን ስንመጣ በናይሮቢ ቤሲጎ የተባለው ኩባንያ አውቶቡሱን ለግል ባለሀብቶች ሲሰጥ ባትሪውን፣ ሙሊቱንና ጥገናውን በተነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ያስከፍላል። ሦስቱም ስልቶች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ባትሪው ቢደክም ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? የእኛ ከተሞች እንደ ድሮው ጥሬ ግዢ ቢፈጽሙ መልሱ «ከከተማው ኪስ» ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለከተማ የሚሻለው አውቶቡሱን እንኳ ቢገዛ ባትሪውን በኪሎ ሜትር ዋስትና ማሰር ነው።

የአምራቹ ጤንነትም መታየት አለበት። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ከፕሮቴራ ኩባንያ 25 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ገዝታ ብዙም ሳትጠቀምባቸው እ.ኤ.አ. በ2020 አካላቸው ላይ ስንጥቅ በመገኘቱ ከሥራ አስወጣቻቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ለኪሳራ አመለከተ። ዋስትና የሚያገለግለው ዋሱ እስካለ ድረስ ነው።

ግን ለምን ፊላደልፊያ እንሄዳለን? በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ የከተማ ትራንስፖርት ነው። 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ የቆሙት በመለዋወጫ እጥረት መሆኑ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ኃይሉ በብር ይከፈል እንጂ መለዋወጫው በዶላር ነበር። የኤሌክትሪክ አውቶቡስም ከዚህ አያመልጥም። የሚፈልጋቸው ክፍሎች በቁጥር ከናፍጣው በጣም ያነሱ ናቸው፤ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ የናፍጣ ፖምፓ የሚባል ነገር የለውም። የሚፈልጋቸው ጥቂቶቹ ግን በእጅ ተቀርጸው ወይም ከሌላ መኪና ተፈትተው የሚገጠሙ አይደሉም። የኃይል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ቢቃጠል ያ ሰሌዳ ራሱ መምጣት አለበት። ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአንበሳ አውቶቡስ ጋራዥ ማርቼዲሱንም፣ ዳፉንም፣ ቢሾፍቱውንም ያኖረው በባለሙያ ብልሃት ጭምር ነበር። ያ ብልሃት እዚህ በቂ ስላልሆነ የመለዋወጫ ክምችቱ ከአውቶቡሱ ጋር አብሮ መገዛት ይኖርበታል። መካኒኮቹም ከ600 ቮልት በላይ ሊይዝ የሚችል ሥርዓትን ሳይሞቱ መፍታት የሚያስችል ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ይህንን ሥልጠና ቀድሞ የያዘ የግል ጋራዥ ገበያው የእሱ ነው።

የትኛው ተሽከርካሪ ቀድሞ ይተካ የሚለው ላይ የተለመደው አሠራር «ያረጀው ይቅደም» ነው። ይህ አሠራር አሁን አይሠራም። መቅደም ያለበት መንገዱ የታወቀ፣ በቀን የሚሄደው ኪሎ ሜትር የማይለዋወጥና በየማታው አንድ ቦታ የሚያድር ነው። የከተማ አውቶቡስ ይህን ያሟላል። የቆሻሻ መኪናም እንዲሁ፤ በየመቶ ሜትሩ እየቆመ ስለሚነሳ ናፍጣው ላይ አባካኝ ነው፣ በኤሌክትሪኩ ላይ ግን በየቆመበት ኃይል ይመልሳል። የመጭመቂያው ሃይድሮሊክ የሚወስደውን ኃይል ግን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ መጨረሻ ቢሆኑ ማንም አይጎዳም፤ ቆመው ይውላሉ፣ ሲወጡ ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም።

የሚሰናበቱት የናፍጣ አውቶቡሶች ዕጣም ከግዢው ጋር በአንድ ሰነድ ቢወሰን ይበጃል። እንደተለመደው በሐራጅ ከተሸጡ ገዢው ጠግኖ ወደ ሌላ መስመር ያሰማራቸዋል፤ ጭሱና የናፍጣ ፍጆታው ሰፈር ከመለወጥ በቀር አይቀንስም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተወገዱ ደግሞ መብራት በጠፋ ማግስት የሚወጣ ተጠባባቂ አይኖርም። ደህና ደህናዎቹን ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በተጠባባቂነት አቆይቶ የቀሩትን ለመለዋወጫና ለብረታ ብረት ማቅለጫ መሸጥ ይቻላል። የብረቱ ገበያ እንደሆነ ገዢ አላጣም።