ቤዝቦል፣ ዘፈንና ሕዝብ የወደዳቸው ሰዎች

ቤዝቦል የአሜሪካ የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ ነው። እንደ እግር ኳስ በ90 ደቂቃ የሚያበቃ ሳይሆን በ9 ዙር የሚለካ ነው። ዙሩ ኢኒንግ ይባላል። ወርዋሪው ኳሷን ወደ መቺው ይልካል። መቺው በዱላው መትቶ ቤዝ የሚባሉትን አራት ማዕዘኖች ዞሮ ወደተነሳበት ከተመለሰ ለቡድኑ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ ካሳረፋት ሆም ራን ሆነለት ማለት ነው። ሦስት ተጫዋቾች ከጨዋታ ውጭ ሲደረጉ ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንዱ ዙር ያልቃል።

ጨዋታውን ከሌሎች ስፖርቶች የሚለዩት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እረፍቱ ነው። በየውርወራው መካከል፣ ቡድኖቹ ሲቀያየሩ፣ ወርዋሪ ሲለወጥ ሜዳው ጸጥ ይላል። ያንን ክፍተት የሚሞላው ሙዚቃ ነው። ሁለተኛው የጨዋታው ብዛት ነው። አንድ ትልቅ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። ደጋፊው ከፀደይ እስከ መኸር አንዱን ተጫዋች በየቀኑ ማለት ይቻላል ያየዋል፤ ሲሳካለትም ሲሳነውም ይከታተለዋል። ቤዝቦል በአሜሪካ ከዘፈንና ከተወዳጅ ሰዎች ታሪክ ጋር የተሳሰረው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕዝብ የሚዘፍነው ዘፈን

በሰባተኛው ዙር አጋማሽ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ እግሩን ያፍታታል፤ አብሮም ይዘፍናል። «ቴክ ሚ አውት ቱ ዘ ቦል ጌም» የተባለውን ይህን ዘፈን በ1908 ጃክ ኖርዎርዝ ግጥሙን፣ አልበርት ቮን ቲልዘር ዜማውን ሠሩት። ኖርዎርዝ ሐሳቡ የመጣለት በኒው ዮርክ ባቡር ውስጥ ሳለ የቤዝቦል ጨዋታ ማስታወቂያ አይቶ እንደሆነ ይነገራል። የግጥሙ ባለታሪክ ኬቲ ኬሲ የምትባል ወጣት ናት። ወዳጇ ወደ ቴአትር ሊወስዳት ሲመጣ እሷ የምትፈልገው ቤዝቦል ብቻ መሆኑን ትነግረዋለች። ዛሬ በየሜዳው የሚዘፈነው አዝማቹ ብቻ ስለሆነ ብዙ ደጋፊዎች የልጅቷን ታሪክ አያውቁትም።

ዘፈኑን ሕዝብ በአንድ ድምፅ የሚዘፍነው እንዲሆን ትልቁን ድርሻ የተወጣው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጨዋታ አስተላላፊው ሃሪ ካሬይ ነው። ካሬይ በማስተላለፊያ ክፍሉ ሆኖ ለራሱ ያንጎራጉረው ነበር። በ1976 የቺካጎ ኋይት ሶክስ ባለቤት ቢል ቬክ ይህን አስተውሎ ሳይነግረው ማይክሮፎኑን ከስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘበት። ካሬይ ድምፀ መረዋ አልነበረም። ቬክም የመረጠው ለዚያው እንደሆነ ካሬይ ራሱ ይተርክ ነበር፤ እሱን የሰማ ተመልካች ሁሉ «እኔ እበልጠዋለሁ» ብሎ አፉን ይከፍታል። ካሬይ በ1982 ወደ ሌላው የከተማዋ ቡድን ወደ ካብስ ሲዛወር ልማዱን ይዞት ሄደ። በ1998 ሲያርፍ ቡድኑ ቦታውን ለአንድ ሰው አልሰጠም። ከዚያ ወዲህ ዘፋኞች፣ ተዋንያንና የቀድሞ ተጫዋቾች በየተራ እየተጋበዙ ሕዝቡን ያዘፍናሉ።

መዝሙሩና የአንድ ዘፋኝ ዕጣ

የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ከስፖርት ጋር ያስተሳሰረውም ቤዝቦል ነው። በሴፕቴምበር 1918 አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። በቺካጎ በተደረገው የወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር) የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ በሰባተኛው ዙር እረፍት የሙዚቃ ጓዱ ድንገት «ዘ ስታር ስፓንግልድ ባነር»ን ተጫወተ። ከባሕር ኃይል ፈቃድ ወስዶ የሚጫወተው የቦስተኑ ፍሬድ ቶማስ ወደ ባንዲራው ዞሮ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ፤ ሌሎቹ ተከተሉት፤ ተመልካቹም መዘመር ጀመረ። መዝሙሩ በሕግ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ከ13 ዓመት በኋላ በ1931 ነው።

ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ይኸው መዝሙር አንድን ዘፋኝ መከራ ውስጥ ከተተው። በፖርቶ ሪኮ የተወለደውና ዓይነ ስውሩ ሆሴ ፌሊሲያኖ በ23 ዓመቱ በኦክቶበር 1968 በዲትሮይት የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ ላይ እንዲዘምር ተጋበዘ። የጋበዘው የዲትሮይት ታይገርስ ጨዋታ አስተላላፊ ኧርኒ ሃርዌል ነበር። ፌሊሲያኖ ጊታሩን ይዞ መዝሙሩን ረጋ ባለ፣ ላቲንና ሶል ሙዚቃ በተቀላቀለበት ስልት ተጫወተው። አገሪቱ በቬትናም ጦርነት ተከፋፍላ ስለነበር ብዙዎች እንደ ንቀት ቆጠሩበት፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ስልክ ቁጣ አጨናነቀው። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቹን ለዓመታት እንደተዉበት ፌሊሲያኖ ተናግሯል። ሃርዌል በበኩሉ በግብዣው ሳያፍር ለዘፋኙ ቆመለት። በ2010 ሃርዌል ሲያርፍ በመታሰቢያው ጨዋታ መዝሙሩን የዘመረው ፌሊሲያኖ ነው፤ ያንኑ ስልት ሳይለውጥ። በ1968 እንደ ድፍረት የታየው ዛሬ ተራ ነገር ሆኗል፤ መዝሙሩን በየራሱ ስልት የማይጫወት ዘፋኝ አሁን ጥቂት ነው።

ስታዲየሙ የዘፋኞች መድረክ ሲሆን

በኦገስት 15 ቀን 1965 ቢትልስ በኒው ዮርኩ የሼይ ስታዲየም 55,600 ለሚሆን ታዳሚ ተጫወቱ። መድረካቸው ሁለተኛው ቤዝ አካባቢ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የሚበቃ ድምፅ ማጉያ በዚያ ዘመን ስላልነበረ ድምፃቸው የተሰማው የመቺዎች ስም በሚጠራበት የስታዲየሙ ማጉያ ነበር። የታዳሚው ጩኸት ያንን ዋጠው፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን መስማት አቃታቸው። ዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ቢቆይም በስታዲየም ኮንሰርት ማቅረብ እንደሚያዋጣ ያረጋገጠ ሆነ። በ2008 ስታዲየሙ ሊፈርስ ሲል ቢሊ ጆል ባቀረበው የመጨረሻ ኮንሰርት ላይ ፖል ማካርትኒ ተመልሶ መጥቶ ዘፍኗል።

ሙዚቃና ሜዳ ሁልጊዜ በፍቅር አልተገናኙም። በጁላይ 12 ቀን 1979 የካሬይን ማይክሮፎን የከፈተው ቢል ቬክ ቡድን የዲስኮ ሸክላ ይዞ ለመጣ ሰው መግቢያውን 98 ሳንቲም አደረገ። በዕለቱ በተያዙት ሁለት ጨዋታዎች መካከል አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የተሰበሰቡትን ሸክላዎች በፈንጂ ሲያጋያቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሜዳው ገቡ። ሣሩ ተቃጠለ፤ ፖሊስ ገባ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ለዲትሮይት በፎርፌ ተሰጠ። ዲስኮ የጥቁሮች፣ የላቲኖችና የግብረ ሰዶማውያን የምሽት ክበቦች የወለዱት ሙዚቃ ስለነበር ያን ምሽት የተገለጠው ከሙዚቃ ምርጫ ያለፈ ጥላቻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ዘፈን የተገጠመላቸውና ሕዝብ የወደዳቸው

ጆ ዲማጂዮ ከጣሊያን የፈለሰ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። በ1941 ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሲጫወት በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ መትቶ ቤዝ ደረሰ፤ ይህን እስከ ዛሬ የደገመው የለም። የሌስ ብራውን ኦርኬስትራ በዚያው ዓመት ስለ እሱ ዘፈን አወጣ። ዲማጂዮ ከሜዳ ከራቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ፖል ሳይመን «ሚሲስ ሮቢንሰን» በተሰኘው የ1968 ዘፈኑ ስሙን አነሳው። ግጥሙ የጠፋ ጀግናን ይፈልጋል። ዲማጂዮ ግን ነገሩ አልገባውም፤ ሁለቱ በአንድ ምግብ ቤት ሲገናኙ፣ እሱ የትም እንዳልሄደና ገና በቡና ማፍያ ማስታወቂያ ላይ እየታየ እንደሆነ ነገረው። ሳይመን በልጅነቱ ይወድ የነበረው ሚኪ ማንትልን ነው። ማንትል «ለምን እኔን አላነሳኸኝም?» ሲለው ከዜማው ጋር የሚገጥመው የዲማጂዮ ስም ስለሆነ ነው አለው። ዲማጂዮ በማርች 1999 አረፈ፤ በተከታዩ ወር ሳይመን ያንኪ ስታዲየም መሐል ሜዳ ላይ ጊታሩን ይዞ ብቻውን ቆሞ ያንን ዘፈን ተጫወተ።

ጃኪ ሮቢንሰን የተወደደበት መንገድ ሌላ ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ በዘመናዊው ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። የቡድኑ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ሲያስፈርመው ያስገባው ቃል ቀላል አልነበረም፤ ስድብ ቢወርድበት፣ ኳስ ወደ ራሱ ቢወረወርበት፣ ለጊዜው አጸፋ አይመልስም። ሮቢንሰን ቃሉን ጠበቀ፤ መልሱን በዱላውና በፈጣን እግሩ ሰጠ። በ1949 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በዚያው ዓመት ቡዲ ጆንሰን የደረሰውንና ሮቢንሰንን የሚያወድሰውን ዘፈን ካውንት ቤዚ ከኦርኬስትራው ጋር አስቀረጸው። በ1997 ደግሞ 42 ቁጥር ማሊያው ከመላው ሊግ ተነሳ፤ አዲስ ተጫዋች ሊለብሰው አይችልም።

የፒትስበርጉ ሮቤርቶ ክለሜንቴ በ1972 የውድድር ዘመን መጨረሻ ላይ 3,000ኛ ምቱን አስመዘገበ። በዲሴምበር ኒካራጓን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ክለሜንቴ የላከው ርዳታ ለተጎጂዎች እየደረሰ እንዳልሆነ ሲሰማ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከዕቃው ጋር ራሱ አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከፖርቶ ሪኮ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ተጫዋች በክብር መዝገብ ለመግባት ጨዋታ ካቆመ በኋላ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ለክለሜንቴ ግን ደንቡ ተነስቶ በ1973 ገባ። ዛሬ በሊጉ በበጎ አድራጎት ለላቀ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል።

የመግቢያ ዜማ

በአሁኑ ጊዜ እያንዳንዱ መቺ ወደ ሜዳ ሲወጣ የመረጠው ዘፈን ይከፈትለታል። ከሁሉ የታወቀው ግን የያንኪሱ ወርዋሪ የማሪያኖ ሪቬራ ነው። ሪቬራ የፓናማ ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ጸሎተኛና ዝምተኛ ሰው ነው። መግቢያው የሜታሊካ ከባድ ሮክ «ኢንተር ሳንድማን» ነበር። ዘፈኑን በ1999 የመረጡለት የስታዲየሙ ሠራተኞች እንጂ እሱ አልነበረም። ሪቬራ የሚገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ መሪነቱን ለማስጠበቅ ነው። በዚህ መልክ 652 ጨዋታዎችን በድል ዘግቷል፤ ክብረ ወሰን ነው። የመጀመሪያዎቹ የጊታር ድምፆች ሲሰሙ የተጋጣሚ ደጋፊ ወደ መኪናው መሄድ ይጀምር ነበር ይባላል። በ2013 ሲሰናበት ሜታሊካ ራሳቸው መጥተው በሜዳው ተጫወቱለት። 42 ቁጥርን በቋሚነት ለብሶ የተጫወተው የመጨረሻው ሰውም እሱ ነው፤ ቁጥሩ ከመከልከሉ በፊት ስለያዘው እንዲቀጥልበት ተፈቅዶለት ነበር።

ቦስተን፣ 2013

የኒል ዳይመንድ «ስዊት ካሮላይን» በ1969 ሲወጣ ከቦስተንም ከቤዝቦልም ጋር ዝምድና አልነበረውም። በከተማዋ የፌንዌይ ፓርክ ሜዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ አልፎ አልፎ ይከፈት ጀመር፤ ከ2002 ወዲህ በየጨዋታው ስምንተኛ ዙር መካከል ይዘፈናል። በኤፕሪል 15 ቀን 2013 በቦስተን ማራቶን መጨረሻ መስመር ላይ ሁለት ቦምቦች ፈንድተው 3 ሰዎች ሲሞቱ ከ260 በላይ ቆሰሉ። በማግስቱ የቦስተን የዘመናት ተቀናቃኝ የሆነው ያንኪስ በገዛ ሜዳው ያንን ዘፈን አስከፈተ። ከቀናት በኋላ ኒል ዳይመንድ ራሱ ሳይጠራ ፌንዌይ መጥቶ ከሕዝቡ ጋር ዘፈነ።

በዚያ ማራቶን በወንዶች ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳ ነው፤ ሰዓቱም 2:10:22 ነበር። ቦምቡ የፈነዳው እሱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሌሊሳ በዚያው ዓመት ጁን ወር ወደ ቦስተን ተመልሶ ሜዳሊያውን ለከተማዋ ሕዝብ አበረከተ። በ2015 እንደገና ሮጦ አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ሜዳሊያ ለራሱ አስቀረ።

የሚሻረውና የማይሻረው

ሕዝብ ሰውን የሚወደው በቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ከሉ ጌሪግ ይልቅ የሚያሳይ የለም። የያንኪሱ ጌሪግ አንድም ቀን ሳይቀር 2,130 ተከታታይ ጨዋታዎችን ተጫውቶ በ1939 ጡንቻን በሚያዝል ፈውስ የለሽ በሽታ ተያዘ። በጁላይ 4 ሲሰናበት በሞላው ስታዲየም ፊት ዕድለኛ ሰው እንደሆነ ተናግሮ ባልደረቦቹን፣ ወላጆቹንና ሚስቱን አመሰገነ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። በ1995 የባልቲሞሩ ካል ሪፕከን ክብረ ወሰኑን ሰበረ። ከዚያ በኋላ ግን የጌሪግን ስም የሚያነሳ ሰው ቁጥሩን ሳይሆን ያንን የስንብት ንግግር ነው የሚጠቅሰው። ክብረ ወሰን በሚቀጥለው ትውልድ እጅ ይሻራል፤ በመከራ ጊዜ የታየ ጨዋነት ግን የሚሽረው የለም።