ትንሽ ጨጓራ ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢት

በይፋት ቆላ የከሳ ሰው አይመሰገንም። «ምነው እንዲህ ሆንሽ? አሞሽ ነበር?» ይባላል እንጂ «አማረብሽ» አይባልም። ወፍሮ የመጣውን ግን «አገሩ ተስማምቶሃል» ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። በዚህ ሰውን መውቀስ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ ክሳትን ቢፈራ ምን ይገርማል? ችግሩ ያለው ከተማው ላይ ነው። በከተማ የወፈሩት ሴቶች ድርሻ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስኳሩ፣ ደም ግፊቱና የጉልበት ሕመሙም አብሮ ይከተላል።

ይህን ውፍረት ለማከም ጨጓራን የሚቀንሰው ቀዶ ሕክምና በቆላዋ ሸዋ ሮቢት ላይ አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ በጥቂት የግል ሆስፒታሎች ይሠራል፤ አቅም ያለው ደግሞ ወደ ህንድና ወደ ቱርክ ይሄዳል። ሐኪሙ የእሱን ድርሻ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የቀረው ሥራ የሚሠራው የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደው ቤት ከገቡ በኋላ፣ በቆላው ሙቀትና በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ነው። ይህንን ሥራ አስቀድሞ የሚነግር ስለማይገኝ፣ ከቢላዋው ይልቅ ስለ እሱ በሰፊው ማውራት ይሻላል።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና ሁለት የቡና ሲኒ የሚይዝ ጠባብ ቱቦ ይቀራል። በሁለተኛው ከጨጓራው አናት ግማሽ ሲኒ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትቀጠላለች። የዚህኛው መነሻ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የጀመረው ሥራ ነው። የሚለወጠው የቦታው ስፋት ብቻ አይደለም። ረሃብን ለአንጎል የሚናገሩት ሆርሞኖችም ይለወጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንኳ የማያምራቸው ብዙዎች ናቸው።

ለማን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልኬት 35 ከደረሰ ቀዶ ሕክምናው ይመከራል ይላል። ቁመቱ 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው ይህ 95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለበት ሰው መነሻው 30፣ ማለትም 82 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ለሠርግ ልብስ ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ስብና ስኳር የቀነሰ ቀለል ያለ ምግብ ይታዘዛል። በወፍራም ሰው ላይ ጉበቱ ስብ ይዞ ስለሚያብጥና ጨጓራውን ስለሚሸፍን፣ ካልቀነሰ ሐኪሙ እጁን ማስገቢያ ያጣል። ሲጋራ ከሳምንታት በፊት ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ብዙዎች የሚንቁት ቃለ መጠይቅ ይመጣል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ምን እንደሚበሉ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚበሉ ይጠይቃል። ሲናደዱ? ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻዎን? መልሱን ያለ ሀፍረት መስጠት ያስፈልጋል፤ ቢላዋው ጨጓራውን እንጂ ንዴቱን አይቆርጥም። በምግብ ይጽናኑ የነበሩ ሰው መጽናኛውን ድንገት ሲቀሙ በመጀመሪያው ወር ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ «ምን ነክቶኝ ገባሁበት?» ይላሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው ያልፋል።

ቤት ውስጥ ለማን ይነገር? ለጎረቤት ሁሉ መናገር ግዴታ አይደለም፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ግን ማወቅ አለበት። በምስጢር ታክሞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ፈተና ጉርሻ ነው። «በሞቴ!» ብለው አክስት ያጎረሱት አንድ ጥቅል እንጀራ በደንብ ሳይታኘክ ከወረደ ደረት አጥንት ሥር ይቀረቀራል፤ አፍ በምራቅ ይሞላል፣ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ መጨረሻው እየሮጡ መውጣት ነው። አክስትም ምግባቸው የተናቀ መስሏቸው ይቀየማሉ። አንድ የሚያውቅ ሰው ማዕዱ ላይ ካለ «ለእሷ የታዘዘላት አለ፣ እትዬ፤ እኔን ያጉርሱኝ» ብሎ ያሳልፈዋል።

ከአዲስ አበባ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋ ስላለ ቁጭ ብሎ በአንድ ትንፋሽ መግባት ጥሩ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ወርዶ መንቀሳቀስ፣ ደብረ ሲና ላይ ደግሞ መድገም ነው። ሾፌሩ ያጉረምርም።

ቤት ሲደርሱ ትልቁ ጉዳይ ውኃ ነው፤ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ላቡም እንደዚያው ነው። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያስፈልጋል፤ ግን እንደ ድሮው ጣሳ አንስቶ መገልበጥ የለም። የሚሻለው ዘዴ ቡና ሲኒውን ራሱን መለኪያ ማድረግ ነው። አንድ ሲኒ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ ከጠዋት እስከ ማታ 25 ሲኒ ፉት ፉት እያሉ መጨረስ ይቻላል። ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ በልተው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። ለስላሳና አምቦ ውኃ በጋዛቸው ምክንያት ይቅሩ። ሽንቱ ጠቆር ካለና ሲነሱ ካዞረዎት ውኃው አልበቃም ማለት ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም መጠኑ ቶሎ መቀነስ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቁ።

ምግቡ በደረጃ ይመጣል፦ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ መደበኛው። እዚህ ላይ የአገራችን ወጥ ቤት ከፈረንጁ ይሻላል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቀጭን ሽሮ በርበሬና ዘይቱ ተቀንሶለት፣ የክክ ወጥ ተፈጭቶ፣ አጥሚት ያለ ስኳር፤ ሁሉም አለ። የይፋት ገበሬ ለገበያ የሚያመርተው ማሾም አለ፤ ከደረቁ 100 ግራም ውስጥ 24 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ተቀቅሎ ላመ ብሎ በሻይ ማንኪያ፣ በቡና ማስቀመጫ ሳህን ላይ ይቀርባል፤ ትልቅ ትሪ ፊት መቀመጥ ዓይንን ያስርባል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ካልተገኘ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል። እንጀራ የሚመለሰው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ቁራሽ ቁራሽ፣ በደንብ ታኝኮ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር። ቆላ ውስጥ ያተኮሰው ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ትኩሳት፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ከመጣ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። የሚገጥመው ከመቶ አንድ ሁለቱን ሰው ነው፤ ቢዘገይ ግን ይገድላል። የወባው ምርመራ ይደረግ፣ ከሆስፒታል የተሰጠው ወረቀት ግን በዚያው ሰዓት ለሐኪሙ ይታይ። ለሕመሙም ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ የለም፤ በተለይ በሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያለፈውን ሰው ጨጓራ ያቆስላሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። ትውከቱ አልቆም ካለም ዝም አይባልም፤ ቢ 1 የተባለው ቫይታሚን ካለቀ ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል።

ጾም ሌላው ጥያቄ ነው፤ ይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጾምበት አገር ነው። ረመዳንን ያለ ውኃ በቆላ ቀን መዋል ለአዲስ ጨጓራ ከባድ ስለሆነ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት እስኪያልፍ ሐኪምንና ዐዋቂ ሼኽን መጠየቅ ይገባል። ኦርቶዶክሱም ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲተው ፕሮቲኑና ቢ 12 ስለሚጎድሉበት ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

በርጫውን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ ተቀንሶ የመጣውን ክብደት ቀስ እያለ ይመልሳል። በሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያለፈው ሰው ስኳር ሲበዛበት ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ሆዱ ይሮጣል። አረቄና ቢራም ቶሎ ወደ ደም ስለሚገቡ ድሮ ያልነካው መጠን ይጥለዋል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ያለፉት ዕድሜያቸው እንደሚረዝም እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይቷል። ያው ጥናት በኋላ መጠጥ ያጠመዳቸውና ራሳቸውን የጎዱ ሰዎች ከእነሱ መካከል በዝተው እንደተገኙም ዘግቧል። ክብደቱ ወርዶ ኑሮው ካልተለወጠ «ያኔ ደስ ይለኛል» ያሉት ሰው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪምና ለሚያምኑት ሰው መንገር ያስፈልጋል።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ይረግፋል። ፊት ይሟሽሻል፣ የክንድና የሆድ ቆዳ ይንጠለጠላል። መንደሩ የሚያጉተመትመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዓይን በልቷት ነው የሚል፣ የባሰ በሽታ ስም የሚጠራም አይጠፋም። ፀጉሩ ፕሮቲንና ብረት እስካልጎደለ ድረስ ይመለሳል፤ ቆዳው ሁልጊዜ አይመለስም። ለሰዉ አጭር መልስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል፦ «ስኳሬን ለማስታገስ ታክሜ ነው፣ ደህና ነኝ»። ይህን ብሎ ወደ ሌላ ወሬ።

ለወጣት ሴቶች፦ ክብደት ሲቀንስ ፅንስ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ እርግዝናው ግን ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት አለበት። በሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ላለፈች ሴት የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል በክንድ የሚቀበረው ወይም መርፌው ይመረጣል።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፦ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ 12። ብረትና ካልሲየም በአንድ ጊዜ አይዋጡም፤ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ የሦስት ወር ያህል ቤት ማስቀመጥ ብልህነት ነው። የደም ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ደም ማነሱ በወባም በብረት እጥረትም ሊመጣ ስለሚችል ውጤቱን የሚያነበው ባለሙያ ጨጓራዎ መቀነሱን እንዲያውቅ ከካርዱ ፊት ላይ ያስጽፉ።