ስልካችሁ ሲበራ ለምን ያስጠብቃል? ከሎጎው ጀርባ ያለው ፍተሻ

ስልካችሁን አጥፍታችሁ ስታበሩ የአምራቹ ሎጎ ብቅ ይላል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ብዙዎቻችን "ይሄ ስልክ አርጅቷል" ብለን እናልፈዋለን። ግን በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ስልኩ ከሚሰራቸው ሥራዎች አንዱ ራሱን መፈተሽ ነው። ዛሬ ፍተሻው ምን እንደሆነ፣ ብዙ ኮር ያላቸው ፕሮሰሰሮች እንዴት እንደሚያፋጥኑት፣ ለፍጥነት ተብሎ ደግሞ ምን መነካት እንደሌለበት እናያለን።

📌 ፍተሻው ለምን አስፈለገ?

ስልካችን ውስጥ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ ፎቶና ቻት አለ። የቱንም ያህል ጠንካራ ፓስወርድ ብታደርጉ፣ ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ኮድ በሌላ ሰው ከተቀየረ ፓስወርዱ ብዙም አያድናችሁም። ያ ኮድ ከአንድሮይድም ከአንቲቫይረስም ቀድሞ ስለሚነሳ፣ ከሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ማታለል ይችላል።

ለዚህ የተሰራው መከላከያ ሴኪዩር ቡት ይባላል። አሰራሩ እንደ ሰንሰለት ነው። ቺፑ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቀረጸ፣ ከዚያ ወዲያ የማይቀየር ትንሽ ኮድ አለ፤ ቡት ሮም ይሉታል። ቡት ሮም የቡትሎደሩን ፊርማ ያያል፣ ትክክል ከሆነ ያስነሳዋል። ቡትሎደሩ ደግሞ ከርነሉን ይፈትሻል፣ ከርነሉ ሲስተሙን። ማንም ቀጣዩን ሳይፈትሽ አያሳልፍም።

የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ክፍተት ሲገኝ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል። ቼክሜት የተባለው ክፍተት ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ቴን ያሉትን ስልኮች ነካ። ችግሩ የነበረው ቡት ሮሙ ላይ ስለሆነ አፕል ለነዚያ ስልኮች አፕዴት ልኮ ሊደፍነው አልቻለም።

📌 ጊዜ የሚበላው የቱ ነው?

ፍተሻው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦ አጭር አሻራ ይወጣለታል፤ ይህ ሃሽ ይባላል። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ዘዴ ፋይሉ ምንም ያህል ቢተልቅ የሚሰጠው አሻራ 32 ባይት ብቻ ነው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አሻራው ከአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ጋር ይመሳከራል።

ሁለተኛው ሥራ ፋይሉ ቢተልቅም ቢያንስም ያው ነው። ትልቅ ፋይል ላይ ጊዜ የሚወስደው የመጀመሪያው ነው። ለምሳሌ አንድ ኮር በሰከንድ 200 ሜጋባይት ይጨርሳል እንበል። 4 ጊጋባይት የሚሆን ሲስተም ለመፈተሽ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስልክ በከፈትን ቁጥር ይህን ማን ይታገሳል?

"ስልኬ 8 ኮር አለው፣ ታዲያ ለምን አይካፈሉትም?" ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ያግዳል። ስልኩ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነቃው አንድ ኮር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚቀሰቀሱት ቆይተው ነው። ከዚያም በላይ፣ ኤስኤችኤ-256 ፋይሉን 64፣ 64 ባይት እየቆረሰ በተራ ነው የሚሰራው። የሁለተኛው ቁራሽ ስሌት የመጀመሪያውን ውጤት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰባቱ ኮሮች ቢነቁም ቆመው ከማየት ሌላ ሥራ የላቸውም።

📌 መፍትሄው፦ ሸክሙን መበተን

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ? ነገሩ እንዲያ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ራልፍ መርክል እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው የሃሽ ዛፍ የሚባል ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በቁጥር እንየው፦

👉 4 ጊጋባይቱ 4፣ 4 ኪሎባይት ተደርጎ ይከፋፈላል። 1,048,576 ክፋዮች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ለብቻው አሻራ ይወጣለታል።
👉 አንድ አሻራ 32 ባይት ስለሆነ 128 አሻራዎች በአንድ 4 ኪሎባይት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ አሻራዎቹ በ8,192 ክፋዮች ይታቀፋሉ።
👉 እነዚያም እንደገና አሻራ ሲወጣላቸው 64 ይሆናሉ፣ ቀጥሎ 1። የመጨረሻው አሻራ የዛፉ ሥር ነው። አምራቹ የሚፈርመው በዚህ ሥር ላይ ነው።

ዛፉ በሙሉ 32 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል። ትርፉ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፋዮቹ አንዱ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቁ ብዙ ኮሮች እኩል መስራት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአንዴ መፈተሽ አያስፈልግም። አንድ ክፋይ ሲፈለግ እሱ ብቻ ተነቦ፣ ሦስት እርከን ወደ ላይ ተወጥቶ ከሥሩ ጋር ይመሳከራል።

አንድሮይድ የሚጠቀመው ይህንን ነው። ዲኤም-ቬሪቲ የሚባለው መሣሪያ ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ገባ። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ አዳዲስ ስልኮች የተነካካ ሲስተም ይዘው እንዳይነሱ ጥብቅ ሆነ። በዚያ ላይ የዘመኑ ቺፖች ሃሽን ለማስላት ብቻ የተሰሩ ትእዛዞች ስላሏቸው እያንዳንዱ ኮር ራሱ ፈጥኗል።

📌 ሰከንድ ሕይወት የሚሆንበት ቦታ

ለስልክ ትንሽ መጠበቅ ማናደድ ብቻ ነው። መኪና ላይ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዳዲስ ቀላል መኪኖች የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። ሹፌሩ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ምስሉ በ2 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። ከኋላ ሕፃን ሊኖር ይችላላ! የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ ሳይፈተሽ ቢነሳ ለጠላፊ በር ይከፍታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሥራውን ቅደም ተከተል ያሲዙታል፦ የካሜራው ሶፍትዌር ቀድሞ ተፈትሾ ይነሳል፣ ሙዚቃውና ካርታው በሌሎች ኮሮች ከኋላ ይከተላሉ።

📌 የማይነካው መስመር

ማንበብና መፈተሽን ለብዙ ኮር ማከፋፈል ይቻላል። ያልተፈተሸን ኮድ ማስነሳት ግን አይቻልም። "አንዱ ኮር ያስነሳው፣ ሌላው እየፈተሸ ይድረስበት" ከተባለ ክፉ ኮድ ፈታሹ ሳይደርስበት ሥራውን ጨርሶ ይጠብቃል። ሌላም አለ፦ ፋይሉ ከተፈተሸ በኋላ እንደገና ከስቶሬጅ ተነቦ የሚነሳ ከሆነ በመሀል ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ የተፈተሸው ቅጂና የሚነሳው ቅጂ አንድ መሆን አለበት፣ ሌላ ኮርም በመሀል እንዳይጽፍበት መታጠር አለበት።

ኮር መጨመርም ተአምር አይሰራም። ስልኩ ለመነሳት 10 ሰከንድ ቢፈጅበትና ከዚያ ፍተሻው 4 ሰከንድ ቢሆን፣ አራት ኮር ፍተሻውን ወደ 1 ሰከንድ ያወርደዋል። ጠቅላላው ግን 7 ሰከንድ ነው። የቀረው 6 ሰከንድ የሌላ ሥራ ነው።

📌 ለእናንተ ምን ይጠቅማል?

✅ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሻጩ ፊት አጥፍታችሁ አብሩት። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ቡትሎደራቸው ከተከፈተ ሲነሱ ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ማን፣ ለምን እንደከፈተው ጠይቁ። መልሱ ካላሳመናችሁ የባንክ አፕ አትጫኑበት።
✅ ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሲስተሙ ፍተሻውን አላለፈም ማለት ነው።
✅ "ስልክህን ላፍጥንልህ" ብሎ ቡትሎደር የሚከፍት ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሊያነሳላችሁ የፈለገው የበሩን ዘበኛ መሆኑን እወቁ። አንዳንድ የባንክ አፖችም እንዲህ ባለ ስልክ ላይ አንሰራም ይላሉ።

የእናንተ ስልክ ሲበራ ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያሳያል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ያገለገለ ስልክ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።