ሻብሊ፦ ብርድ የሚሠራው ነጭ ወይን

ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሰሬን በሚባል ትንሽ ወንዝ ዳር ሻብሊ የምትባል ከተማ አለች። የምትቆጠረው ከቡርጎኝ ወይን አገር ቢሆንም፣ ከቡርጎኝ ዋና ዋና ማሳዎች ይልቅ ለሻምፓኝ ትቀርባለች። በስሟ የሚሸጠው ነጭ ወይን ሕጉ በሚያዘው መሠረት ከሻርዶኔ ብቻ ይጠመቃል።

ሻርዶኔ በ1999 ይፋ በሆነ የዘረመል ምርመራ እንደታወቀው የሁለት ወይኖች ዲቃላ ነው፤ አንዱ የተከበረው ፒኖ ሲሆን ሌላው ፈረንሳዮች የናቁት ጉዌ ብላን ነው። ፍሬው በራሱ ጎላ ያለ መዓዛ የለውም። የሚያወጣው ጣዕም በበቀለበት አየርና በጠማቂው እጅ ይወሰናል። ሞቃት አገር ስኳሩ ቶሎ ይጨምራል፣ አሲዱ ይወርዳል፤ ወይኑ ወፍራም ሆኖ አናናስና ማንጎ ማንጎ ይላል። ሻብሊ ላይ ግን ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል አሲዱን እንደያዘ ይለቀማል። እኔ ከሻርዶኔ ሁሉ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ብርዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሻርዶኔ ቀድሞ የሚያቆጠቁጥ ተክል በመሆኑ የሚያዝያ ውርጭ የሚያገኘው ለጋ እምቡጡን ነው። ገበሬዎቹ ሌሊቱን በየመስመሩ መሐል በቆርቆሮ የተሞላ ፓራፊን እያነደዱ ያነጋሉ። ሌላው ዘዴ ሲያዩት ግራ ያጋባል፦ እምቡጡ ላይ ውሃ ይረጩበታል። ውሃው ወደ በረዶነት ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ፣ በመስታወት በመሰለ በረዶ የተሸፈነው እምቡጥ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ሳይወርድ ያድራል። ርጭቱ ግን አየሩ ሞቆ በረዶው እስኪቀልጥ መቋረጥ የለበትም፤ ከተቋረጠ ጉዳቱ ይብሳል። ይህ ሁሉ ጥረት ባለበት እንኳ የ2021 ውርጭ ብዙ ማሳ አጥቅቷል።

አፈሩ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የኖራ ድንጋይና ሸክላ ነው። ድንጋዩን አንስቶ ቀረብ አድርጎ ላየው፣ ከጥፍር የማይበልጡ የኦይስተር ዛጎሎች ተጣብቀው ይታያሉ። ብዙ ሰው የወይኑ የድንጋይ ጠረን ከእነዚህ ዛጎሎች የመጣ ይመስለዋል። ሥር ግን ዛጎል አይመጥም፤ የአፈሩ ውለታ ውሃን በልክ መያዙና ትርፉን ማስረጉ ነው። ከአራቱ የሻብሊ ደረጃዎች ከፍተኛው ግራን ክሩ የሚገኘው ከከተማዋ ፊት ለፊት፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባዘነበለ አንድ ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ያሉት ሰባት ማሳዎች የተሻለ ፀሐይ ያገኛሉ።

አጠማመቁ ቁጥብ ነው። ፍሬው እንደተለቀመ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ከልጣጩ ይለያል፣ በአብዛኛው በማይዝግ ብረት ጋን ውስጥ ይፈላል። ከዚያ ባክቴሪያዎች ጠንካራውን የፖም አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይለውጡታል። ወይኑ ከእርሾው አተላ ጋር ለወራት ሲቆይ ደግሞ ሰውነት ያገኛል። በርሜል የሚጠቀሙም አሉ፤ አዲስ የኦክ በርሜል ሲበዛበት ግን ብርዱ የሰጠው ጥራት በቫኒላ ይሸፈናል ባይ ነኝ።

ሲቀምሱት ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ትንሽ የቆየ ይሁን፤ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ ጨረር አለው። ሲያሸቱት አረንጓዴ ፖም፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል። ሲጎነጩት ቶሎ አይዋጡት፤ የምላስዎን ዳርና ዳር ይዞ ምራቅ ያመጣል፣ ከተዋጠም በኋላ ንጹሕ ጨው ጨው የሚል ስሜት ይተዋል።

ሻርዶኔ በእኛም አገር ዝዋይ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም በሆነ ቦታ ይለማል፤ በሪፍት ቫሊ ስምም ይሸጣል። ሁለቱን ማግኘት የሚችል አንባቢ ጎን ለጎን ቀድቶ ከተጠበሰ አሳ ጋር ይሞክራቸው፤ ሻብሊውን ያስቀድም።