በደረጃ መውጫ መሣሪያ ሲሠሩ መደገፊያው ላይ አይንጠልጠሉ

ደረጃ መውጣት የሰውነትን ክብደት ወደ ላይ ማንሳትን ስለሚጠይቅ፣ በሜዳ ላይ ከመራመድ ይበልጥ ልብንና ሳንባን ያሠራል፤ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎችንም ያጠነክራል። በስፖርት ቤቶች የሚገኘው ደረጃ መውጫ መሣሪያም የሚያሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙዎች ሲደክማቸው መደገፊያው ላይ ይንጠለጠላሉ። ክንድ ክብደቱን ሲሸከም የእግርና የልብ ሥራ ይቀንሳል። ስለዚህ ፍጥነትን ቀንሶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መደገፊያውንም ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ብቻ መንካት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዳገት ወጥቶ የሚያርስ አርሶ አደር እንቅስቃሴውን በሥራው ያገኘዋል፤ ተቀምጦ ለሚውል የከተማ ነዋሪም መሣሪያ ባይኖር የሕንጻ ደረጃ ያገለግላል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማ ግን ወዲያውኑ ማቆምና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።