አሮጌው ላንድ ክሩዘር ወደ በረሃ ሲወርድ

አብዛኛው የመስክ ጥናት የሚጀምረው ጋራዥ ውስጥ ነው። የሥነ ምድር ተማሪ ድንጋይ ሊሰበስብ፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ ዕፀዋት ሊመዘግብ፣ የኬሚስትሪው ደግሞ የፍል ውኃ ናሙና ሊቀዳ ከከተማ ሲወጣ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አስቀድሞ ሕይወቱን የሚያምነው ብዙ ዘመን ላገለገለ መኪና ነው። ድንቅነሽ በተገኘችበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባቸው ቶም ግሬይ በሐዳር ለሥራ የወጡት በላንድ ሮቨር ነበር። ስለ ቅሪተ አካሏ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ስለ መኪናው የጻፈ ግን ያለ አይመስለንም።

መኪናን ለበረሃ ማዘጋጀት በብዙዎች ዘንድ የዕቃ ግዢ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ በፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ መብራትና ጀሪካን ሲደረደር መኪናው ለጉዞ የተሰናዳ ይመስላል። እኛ ግን አንባብያን ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያስቀድሙ እንፈልጋለን፦ ክብደቱ የት ላይ ያርፋል? ሙቀቱ በየት ይወጣል? የተያዘው ውኃ ስንት ቀን ያቆያል? ሦስቱም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚመለሱ ናቸው።

ለምሳሌነት የምንወስደው በአገራችን መንገዶች እጅግ የተለመደውን ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። 60 ተብሎ የሚታወቀው ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተመረተ ሲሆን ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። እርሱን የተካው 80 በአራቱም ጎማ በኩል የሽቦ ሞላ አለው። በ1984 የወጣው የ70 ቤተሰብ ደግሞ ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የተገጠመው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ናፍጣውን የሚረጨውም በመካኒካዊ ፖምፓ እንጂ በኮምፒዩተር ትእዛዝ አይደለም። አሮጌ መኪና ለሩቅ ጉዞ የሚመረጥበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ በትንሽ ከተማ ያለ መካኒክ በጆሮውና በእጁ ሊጠግነው ይችላል።

ጉዞው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደናክል ዝቅተኛ ቦታ ነው እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የአሳሌ ጨው ሐይቅ አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። እንግዲህ አንዱ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለት የተለያዩ ከባቢ አየሮችን ማገልገል አለበት ማለት ነው።

በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው፤ በአሳሌ 1.03 ባር ይደርሳል። በዚህ መሠረት በ15 ዲግሪ የአዲስ አበባ ጠዋት አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.92 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በ40 ዲግሪ የደናክል ቀትር 1.15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያገኘውን አየር ብቻ ስለሆነ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ጥቁር ጢስ እያወጣ ያቃስት የነበረው መኪና ቆላ ሲወርድ ሩብ ያህል ተጨማሪ አየር አግኝቶ ወጣትነቱ የተመለሰለት ይመስላል። ሾፌሩም በዚህ ተደስቶ ይነዳዋል። ችግሩ የሚመጣው ከራዲያተሩ ነው።

ራዲያተር የሚያስወጣው ሙቀት በውስጡ ባለው ውኃና በውጪው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ይወሰናል። ውኃው 90 ዲግሪ ቢሆን በአዲስ አበባ ጠዋት ልዩነቱ 75 ዲግሪ ነው፤ በደናክል ቀትር ግን 50 ብቻ ይሆናል። የማቀዝቀዝ ዐቅሙ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። የአየሩ ክብደት መጨመር ከዚህ ጉድለት ከፊሉን ይሞላል፤ ነገር ግን መኪናው በአሸዋ ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲያዘግም ከፊት የሚገባ ነፋስ ስለማይኖር ሸክሙ ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። የእነዚህ መኪናዎች ፋን ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አማካይነት ሲሆን፣ ፈሳሹ በዕድሜ ብዛት ሲያልቅ ፋኑ የሚዞር እየመሰለ ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን ይመጣል። ዋጋው ከሌላው ዕቃ ሁሉ ያነሰ በመሆኑ ማንም አያስበውም። ውኃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ተማሪዎች ያውቃሉ። ክዳኑ ግን 0.9 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት እንዲይዝ ስለተሠራ የመፍላት ነጥቡን በአዲስ አበባ ወደ 114፣ በአሳሌ ወደ 119 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ይህ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል፤ ሞተሩም ገና ደናክል ሳይደርስ ሊፈላ ይችላል። አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቺንጋና አዲስ የራዲያተር ቱቦዎች ሳይገዙ የፊት መከላከያ የሚያስገጥም ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው አዋለ ብለን እናምናለን። የፊት መከላከያው ከባድ መሆኑና የነፋሱን መግቢያ መሸፈኑ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ስለ ጎማ

ብዙ ሾፌሮች ከረጅም ጉዞ በፊት ጎሚስታ ዘንድ ሄደው ጎማቸውን አጥብቀው ያስነፋሉ። ለአስፋልት ይህ ክፋት የለውም፤ አሸዋ ላይ ግን ተቃራኒው ነው የሚያዋጣው። መኪናው ከነሰዉና ከነጭነቱ 2,600 ኪሎ ግራም ቢመዝን እያንዳንዱ ጎማ በአማካይ 650 ኪሎ ይሸከማል። ጎማው 2.5 ባር ከያዘ መሬቱን የሚነካበት ስፋት በግርድፍ ስሌት 255 ሳንቲ ሜትር ካሬ ነው፤ 16 በ16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ ማለት ነው። ነፋሱን ወደ 1.2 ባር ብናወርደው ስፋቱ ከ500 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያልፋል። የጎማው ጎን የራሱ ጥንካሬ ስላለው እውነተኛው አኃዝ ከዚህ ቢለይም አቅጣጫው ያው ነው። የሚጨምረውም በአብዛኛው ወርዱ ሳይሆን ርዝመቱ ነው፤ ጎማው እንደ ታንክ ሰንሰለት ይዘረጋል። ያልሰመጠ ጎማ ከፊቱ ዳገት አይቆፍርም፣ ዳገት ያልቆፈረም ሞተሩን አያስጨንቅም። ከአሳሌ አሞሌ ጭና የምትወጣው ግመል ይህን ያለ ስሌት ታውቀዋለች፤ ሰፊና ለስላሳ የሆነው የእግሯ መዳፍ ስትረግጥ ይዘረጋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እናንሣ። በአዲስ አበባ ጠዋት 2.5 ባር የተነፋ ጎማ ደናክል ወርዶ ቢለካ ስንት ያሳያል? የመለኪያው መሣሪያ የሚያነበው በውስጡና በውጪው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሲነሣ በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 2.5 ሲደመር 0.76፣ ማለትም 3.26 ባር ነበር። ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3.54 ያድጋል። ከዚህ ላይ የአሳሌን 1.03 ብንቀንስ 2.51 ባር እናገኛለን። ሙቀቱ የጨመረውን ቁልቁለቱ ወስዶታል! ስለሆነም መለኪያው ምንም እንዳልተለወጠ ሲናገር ጎማው በውስጡ ብዙ ነገር አሳልፏል። እርግጥ ነው፣ ይህ የቆመ መኪና ስሌት ነው፤ በሩጫ ላይ ያለ ጎማ ከዚህም በላይ ይሞቃል።

ነፋሱ የቀነሰ ጎማ በፍጥነት ከተነዳ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። በመሆኑም በአሸዋ ላይ ዝግ ብሎ መንዳት፣ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊትም መልሶ መንፋት ግድ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የነፋስ መንፊያና ትክክለኛ መለኪያ ከተጨማሪ መብራቶች ሁሉ የሚቀድሙት ለዚህ ነው። ሁለተኛ ትርፍ ጎማም ያስፈልጋል፤ ሹል የላቫ ድንጋይ ባለበት አገር አንድ ትርፍ ጎማ ብቻ ይዞ መሄድ ድፍረት ነው።

ክብደቱን የት እናድርገው?

ባዶውን 2,200 ኪሎ የሚመዝን፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሆነ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከልም 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መኪና እናስብ። እንዲህ ያለው መኪና በጎኑ ሲያዘነብል በስሌት የሚገለበጠው 45 ዲግሪ ላይ ነው። አሁን 150 ኪሎ ጭነት 2.1 ሜትር ከፍታ ባለው ፖርቶ መጋላ ላይ ብንጭን የስበት ማዕከሉ ወደ 84 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ የመገልበጫውም ማዕዘን ወደ 42 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ያንኑ ጭነት መኪናው ውስጥ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብናስቀምጠው ግን ማዕከሉ የሚነሣው በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በእውነተኛ መንገድ ባሌስትራው ወደ ዝቅተኛው ጎን ይረገጣል፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ድንጋይ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መኪና ከስሌቱ ብዙ ቀድሞ ይገለበጣል። በላይ የሚጫነው ድንኳን፣ ፍራሽና ባዶ ጀሪካን እንጂ ውኃና ናፍጣ መሆን የለበትም።

ከኋላ መከላከያ ላይ የሚንጠለጠል ዕቃም እንደ ፍንጭት ይሠራል። የ80 ሞዴል የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 2.85 ሜትር ነው። ከኋላው አክስል አንድ ሜትር ርቆ 60 ኪሎ ቢሰቀል የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 81 ኪሎ ይሆናል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ 21 ኪሎ ይነሣልና። መሪው የሚቀለው፣ የኋላ ባሌስትራውም ቶሎ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ከፊት ወንበሮች ጀርባ፣ ከኋላው አክስል ፊት፣ ወለሉ ላይ ሆኖ በጠፍር መታሰር አለበት።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ከባዱ ውኃ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ሰውነት 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ፣ ሲበልጥ ይህ ሙቀት የሚወጣው በላብ ትነት ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ይዞ ይሄዳል። ስሌቱን ብንሠራው ጥላ ሥር ተኝቶ የሚውልና የሚያድር ሰው እንኳ በ24 ሰዓት 3.6 ሊትር ያስፈልገዋል። በፀሐይ ድንጋይ የሚፈልጥ ተማሪ ከዚህ እጥፍ በላይ ቢጠጣ ሊያስደንቀን አይገባም። በሰው በቀን 8 ሊትር ብንይዝ፣ ለአራት ሰዎች የሦስት ቀን ጉዞ አንድ የመጠባበቂያ ቀን ጨምረን 128 ሊትር፣ ማለትም 128 ኪሎ ይሆናል። ይህ ውኃ በአንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን በሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች መያዝ አለበት፤ አንዱ ቢቀደድ ስድስቱ ይቀራሉና። በግማሽ የጎደለ በርሜል ደግሞ በየመታጠፊያው ውኃው እየተንገዋለለ መኪናውን ያናውጻል።

ማቀዝቀዣን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። በአማካይ 40 ዋት የሚወስድ ትንሽ ማቀዝቀዣ በቀን 80 አምፔር ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም አንድ ትልቅ ባትሪ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። መድኃኒት ወይም የሚበላሽ ናሙና ካለ ሁለተኛ ባትሪ ገጥሞ፣ የሞተር ማስነሻውን ባትሪ እንዳይነካ ለይቶ ማሠራት ይገባል። ለስላሳ መጠጥ ለማቀዝቀዝ ከሆነ ግን ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ባለበት ጥላ ማቆም ይበቃል።

ስለ አቧራ በአጭሩ እንናገር። የሚሄድ መኪና ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ስለሚፈጥር፣ የኋላውን መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ሰው አቧራውንም የጭስ ማውጫውን ጋዝም ወደ ውስጥ ይስባል። የኋላውን ዘግቶ የፊቱን የአየር ማስገቢያ መክፈት ይሻላል። ማታም ለመብራትም ሆነ ለነፋስ ሲባል ሞተር አስነሥቶ መኪና ውስጥ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

መኪናው ሲሰምጥ ደግሞ አካፋና ከጎማ ሥር የሚገባ ሳንቃ ከገመድ ይቀድማሉ። ገመድ የግድ ከሆነ ከሻንሲው ጋር በተበየደ ወይም በቡሎን በታሰረ መንጠቆ ላይ ብቻ ይታሰር። ለተጎታች በተሠራው የብረት ኳስ ላይ ማሰር ሰው ገድሏል፤ የተወጠረው ገመድ ያጠራቀመው ኃይል ኳሱን ሰብሮ እንደ መድፍ ጥይት ይወረውረዋል። ገመድ ሲሳብ ማንም ሰው በአቅራቢያው መቆም የለበትም፤ ከሁሉም በላይ ወደ እንዲህ ያለው ቦታ አንድ መኪና ብቻውን መውረድ የለበትም።

በጨው ሜዳ ላይ ሲነዳ ከነባሩ የመኪና ዱካ መውጣት አደገኛ ነው፤ ከጠንካራው ቅርፊት ሥር ጭቃ ሊኖር ይችላል። ከሻንሲው ጋር የሚጣበቀው ጨውም ተራ የገበታ ጨው ብቻ አይደለም። በዳሎል አካባቢ የማግኒዥየም ክሎራይድ ጨዎች አሉ፤ እነርሱም ከአየር ላይ እርጥበት እየሳቡ ብረቱን ዘወትር እርጥብ አድርገው ይይዙታል። ዝገት ደግሞ እርጥበትና ጨው ካገኘ ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ ከጉዞ መልስ የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን ክሪክ ላይ አቁሞ ሆዱን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። በሻንሲው ቀዳዳዎች፣ በባሌስትራው ቅጠሎች መካከልና በፍሬን ቱቦዎቹ ዙሪያ የገባው ነጭ ጭቃ ተሟጦ እስኪወጣ፣ የሚወርደውም ውኃ በምላስ ሲቀመስ ጨው ጨው ማለቱን እስኪተው ድረስ መታጠብ አለበት።