ሁለተኛው ስም፣ ሦስተኛው ቀዳዳ

ዲዛይነሮች በጤናውም፣ በባንኩም፣ በሕጉም ሥራ እጃቸውን እያስገቡ ነው የሚል ቅሬታ ይሰማል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ፤ እነዚያ ሙያዎች ስሙን ሳይጠሩት ድሮም ዲዛይን ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በፍሎሪዳ፣ ፓልም ቢች ካውንቲ የቀረበውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ተመልከቱ። የምርጫ ኃላፊዋ አረጋውያን እንዳይቸገሩ ብለው ፊደሉን አተለቁት። የዕጩዎቹ ስሞች አንድ ገጽ አልበቃቸው ብሎ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ የሚበሱት ቀዳዳዎች መሃል ላይ ተደረደሩ። የዴሞክራቱ ዕጩ አል ጎር በግራው ገጽ ሁለተኛ ስም ነው፤ ቀዳዳው ግን ሦስተኛው። ሁለተኛው ቀዳዳ በቀኝ ገጽ ያለው የሌላው ዕጩ የፓት ቡካናን ነበር። ቡካናን በካውንቲው 3,407 ድምፅ አገኘ፤ ከ19,000 በላይ ወረቀቶች ከአንድ በላይ ቀዳዳ ተበስቶባቸው ውድቅ ሆኑ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጆርጅ ቡሽ የምርጫውን ውጤት የወሰነችውን ፍሎሪዳን ያሸነፈው በ537 ድምፅ ነው።

«ታዲያ ዲዛይነር ስለ ምርጫ ሕግ ምን ያውቃል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ አያውቅም። የዕጩዎችን ቅደም ተከተል የሚወስነው ሕግ ነው፤ እሱን ለሕግ ባለሙያ መተው ይገባል። («ሁሉም ነገር ዲዛይን ነው» የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼም ያበዙታል።) ዲዛይነሩ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ለሃያ ሠላሳ መራጮች ሰጥቶ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ማየት። የኃላፊዋ ሐሳብ ቅን ነበር፤ የጎደለው ይህ ሙከራ ነው። እናንተም ቅጽ የምታዘጋጁ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ከማሳተማችሁ በፊት ለቅጹ እንግዳ የሆነ ሰው ሲሞላው አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እዩ።